ብርሃን የማይዘልቀውን ማየት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ 10 ሰከንድ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ የሳምንቱ የሳይንስ ዝግጅታችን ዛሬም ሰዓቱን ጠብቆ መጥቷል። ቤት ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ መንገድ ላይ ያላችሁ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉት።

በጥያቄ ልጀምር። እናታችሁ ድፎ ዳቦ ደፍተዋል እንበል። ላዩ ቀልቷል፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ግን መሀሉ በስሏል ወይስ ገና ሊጥ ነው? ሳይቆርሱት በምን ያውቃሉ?

(አጭር ዝምታ)

መልሱን ታውቁታላችሁ። ቀጭን ስንጥር ያነሣሉ፤ መሀሉን ወጋ አድርገው ያወጡታል። ከዚያ በኋላ የሚያዩት ዳቦውን አይደለም፤ ስንጥሩን ነው። ሊጥ ይዞ ከወጣ ዳቦው ገና ነው። ደረቅ ሆኖ ከወጣ ደርሷል።

የዛሬው ጨዋታችንም ስለ ስንጥር ነው። የሚወጋው ነገር ግን ዳቦ አይደለም። ሙቀቱ በሚሊዮን ዲግሪ የሚቆጠር፣ መጠኑ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ዓይናችሁን እርግብ ከምታደርጉበት ቅጽበት መቶ ሚሊዮን ጊዜ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ታይቶ የሚጠፋ ነገር ነው። ስሙ የታመቀ ፕላዝማ ይባላል። በብረት ቢነኩት ብረቱ ይተናል። በመብራት ቢያበሩበት ብርሃኑ ይመለሳል። ታዲያ ውስጡ ምን እንዳለ ሰው እንዴት ሊያውቅ ቻለ?

(ሙዚቃ፤ 4 ሰከንድ)

በመጀመሪያ ፕላዝማ ምን እንደሆነ እንያዝ። በረዶ ሲሞቅ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እንፋሎቱን ደግሞ ወስደን በብዙ ሺህ ዲግሪ ብናግለውስ?

በዚያን ጊዜ አቶሞቹ ራሳቸው ይፈታሉ። በአስኳሉ ዙሪያ ታስረው የነበሩት ኤሌክትሮኖች ይለቀቁና ሁሉም በየፊናው ይሮጣል። ይኼ ነው ፕላዝማ ማለት። መብረቅ ፕላዝማ ነው። በያጁ ብረት ሲያጣብቅ ልጆች በባዶ ዓይናችሁ እንዳታዩ የሚባለው ያ ነጭ ብልጭታ ፕላዝማ ነው። ፀሐይም ከዳር እስከ ዳር ፕላዝማ ናት።

ፕላዝማ ግን ስስ አለ፤ የታመቀም አለ። የታመቀ ስል ምን ያህል? የፀሐይን መሀል እንውሰድ። ከዚያ የተቀዳ ፕላዝማ በአንዲት የቡና ስኒ ሞልታችሁ መመዘን ብትችሉ 12 ኪሎ አካባቢ ይከብዳል። አዎ፣ አንዲት ስኒ! እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት እንኳ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይቀላል። ሙቀቱ ደግሞ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል።

ሰዎች ይህን የመሰለ ነገር በጣም በጥቂቱና ለአጭር ጊዜ በምድር ላይ መሥራት ችለዋል። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያዋ የሊቨርሞር ከተማ ናሽናል ኢግኒሽን ፋሲሊቲ የሚባል ተቋም አለ። እዚያ 192 የሌዘር ጨረሮች አንዲት ትንሽ የብረት ጣሳ ውስጥ ገብተው ግድግዳዋን ያግላሉ። ከግድግዳዋ የሚወጣው የራጅ ጨረር ደግሞ መሀል ላይ የተቀመጠችውን፣ ስፋቷ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነችውን ክብ ፍሬ ከየአቅጣጫው ይጨምቃታል። በውስጧ ያለው የሃይድሮጅን ነዳጅ ይታመቃል፤ አስኳሎቹ ይዋሃዳሉ፤ ጉልበት ይወጣል።

ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚያ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በዜና ሰምታችሁት ይሆናል። ወደ ጣሳዋ የገባው የሌዘር ጉልበት 2.05 ሜጋ ጁል ነበር፤ የወጣው 3.15 ሜጋ ጁል ሆነ። ትርፉ ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ያህል ነው። ሌዘሩ ራሱ ከመብራት መስመር የሳበው ከዚህ እጅግ የበለጠ ስለሆነ ነገሩ ለቤታችን መብራት ገና ሩቅ ነው። ቢሆንም እንዲህ ያለ ትርፍ በላቦራቶሪ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። እዚያ ለመድረስ አሥርት ዓመታት የፈጀው አንዱ ምክንያት ደግሞ ይኸው የእኛ ጥያቄ ነው፦ ውስጧ ምን እየሆነ እንዳለ እንዴት ይታያል?

(ድምፅ፦ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሲፈለግ የሚሰማው ፉጨትና ሽርሽርታ፤ 6 ሰከንድ)

ይህን ድምፅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ አባቶቻችን የሬዲዮኑን ቁልፍ ቀስ እያደረጉ ሲያዞሩ፣ ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ የሚመጣውን የአማርኛ ሥርጭት እስኪይዙ ድረስ የምንሰማው ነበር። እስቲ አሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ምድር ክብ ናት። የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ታዲያ አህጉር አቋርጦ እንዴት ቤታችን ገባ?

(አጭር ዝምታ)

ሰማይ ላይ ስለሚነጥር ነው። ከራሳችን በላይ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ አዮኖስፌር የሚባል ስስ ፕላዝማ አለ። ሞገዱ እዚያ ሲደርስ የተፈቱት ኤሌክትሮኖች አብረውት ይወዛወዛሉ። ብዛታቸው በቂ ከሆነ አናሳልፍም ብለው ወደ ምድር ይመልሱታል። የኤፍ ኤም ሞገድ ግን ውዝዋዜው ፈጣን ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሊከተሉት ስለማይችሉ ፕላዝማውን ሰንጥቆ ወደ ጠፈር ያመልጣል። የኤፍ ኤም ጣቢያ ከከተማው እምብዛም የማይርቀው ለዚህ ነው።

አሁን ይህችን ነገር ያዙልኝ፦ ፕላዝማ ሞገድን ይመልሳል፤ በታመቀ ቁጥር ይበልጥ ፈጣን የሆነውን ሞገድ እየመለሰ ይሄዳል። በላቦራቶሪ ውስጥ እየታመቀ፣ እየታመቀ ሲሄድ ከኤፍ ኤም ሚሊዮን ጊዜ በላይ ፈጥኖ የሚወዛወዘውን ብርሃንን እንኳ ይመልሳል። የእጅ ባትሪ ብታበሩበት እንደ መስታወት ነው። በብርሃን የምናየው ልብሱን ብቻ ነው፤ ገላውን አይደለም።

ራጅስ? ትሉኝ ይሆናል። ደግ ጥያቄ ነው። ራጅ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ሐኪም አጥንት እንደሚያይበት ሁሉ ሳይንቲስቶችም የታመቀው የትኛው ጋ እንደሆነ ያዩበታል፤ ዛሬም ዋና መሣሪያቸው ነው። አንድ የማያየው ነገር ግን አለ። ፕላዝማው ውስጥ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መስክ ካለ፣ ራጅ እንዳልሰማ ሆኖ ቀጥ ብሎ ያልፋል። አይታጠፍም። እነዚህ መስኮች ደግሞ ሙቀቱ ወዴት እንደሚፈስስ ይወስናሉ። ስለዚህ ሌላ ስንጥር ያስፈልጋል። መግነጢስ ሲያገኘው የሚታጠፍ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚገፋ ስንጥር።

ይህ ስንጥር ቻርጅ ያለው ቅንጣት ነው። ፕሮቶን ሊሆን ይችላል፤ ከበድ ያለ የአቶም አስኳልም ሊሆን ይችላል። በከፍተኛ ፍጥነት ይወረወራል፤ ፕላዝማውን ያቋርጣል፤ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ይያዛል። ከዚያስ? እንደ እናታችሁ ነው፤ ስንጥሩን ማንበብ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር፣ ጋይገርና ማርስደን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1909 አልፋ የሚባሉ ቅንጣቶችን ስስ የወርቅ ገበታ ላይ ወረወሩ። አብዛኞቹ አለፉ። ጥቂቶቹ ግን ወደ ኋላ ተመለሱ። መምህራቸው ኧርነስት ራዘርፎርድ ያንን መመለስ አንብቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 አቶም በመሀሉ ትንሽና ከባድ አስኳል እንዳለው አስረዳ። አቶምን ማንም አላየውም ነበር። ያዩት የተወረወረው ነገር ወዴት እንደሄደ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የዚያ ልጅ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

(ሙዚቃ፤ 4 ሰከንድ)

ከስንጥሩ ላይ የሚነበበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መዘግየቱ፤ ሁለተኛው መታጠፉ። እደግመዋለሁ፦ ምን ያህል ዘገየ? ወዴት ታጠፈ?

ከመዘግየቱ እንጀምር።

ሰርግ ቤት ገብታችኋል እንበል። ከበሩ ተነሥታችሁ ሙሽሮቹ ጋ መድረስ ትፈልጋላችሁ። እንግዳው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተደርድሮ ከተቀመጠ መንገዱ ቀላል ነው። ዳር ያለውን አንድ ሁለቱን ጨብጣችሁ ታልፋላችሁ። እንግዳው ሁሉ ተነሥቶ ቆሞ ከሆነስ? አንዱ ይጨብጣችኋል። አንዷ አቅፋ ትስማችኋለች። ሌላው “ምነው ጠፋችሁ!” ብሎ ክንዳችሁን ይይዛል። እያንዳንዱ ሰላምታ ከፍጥነታችሁ ትንሽ ይወስዳል። ሙሽሮቹ ጋ ስትደርሱ ምን ያህል እንደዘገያችሁ ያየ ሰው፣ አዳራሹን ሳያይ ምን ያህል ሰው እንደነበረና ቆሞ ይሁን ተቀምጦ ሊገምት ይችላል።

ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች የተቀመጡት እንግዶች ናቸው፤ ከአቶማቸው ጋር ታስረዋል። ፕላዝማ ውስጥ ያሉት የቆሙት ናቸው። ቅንጣቷ ስታልፍ እያንዳንዱ ከጉልበቷ ቆንጠር ያደርጋል።

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ተለክቷል። በጀርመን አገር ዳርምሽታት ከተማ አጠገብ ጂ ኤስ አይ የሚባል የምርምር ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተ ሲሆን፣ ዳርምሽታቲየም የሚባለው ንጥረ ነገር የተገኘው እዚያ ነው፤ ስሙም ከከተማዋ የመጣ ነው። እዚያ 120 ሜትር ርዝመት ያለው የቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያ አለ። ከባድ አስኳሎችን እየገፋ ከብርሃን ፍጥነት 15 በመቶ አካባቢ ያደርሳቸዋል። ተመራማሪዎቹ እነዚህን አስኳሎች መጀመሪያ በተራ የሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ አሳለፉ። ቀጥለው ያንኑ ጋዝ በኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ፕላዝማ አድርገው እንደገና አሳለፉ። የጋዙ መጠን ያው ነው፤ የተለየው ኤሌክትሮኖቹ መፈታታቸው ብቻ ነው።

ምን ያገኙ ይመስላችኋል?

(አጭር ዝምታ)

በፕላዝማው ውስጥ የጠፋው ጉልበት ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ሆነ። አንደኛው ምክንያት የነገርኳችሁ ነው፤ እንግዶቹ ቆመዋል። ሌላም አለ። አስኳሉ በቀዝቃዛ ጋዝ ውስጥ ሲሄድ ከመንገድ ላይ ኤሌክትሮን እየለቀመ ቻርጁን ይቀንሳል። በፕላዝማ ውስጥ ግን የሚሮጡትን ኤሌክትሮኖች መያዝ ይቸግረዋል፤ ስለዚህ ቻርጁ ከፍ እንዳለ ይቆያል። ቻርጁ ከፍ ያለ ደግሞ ዘመዱ ብዙ እንደሆነ ሰው ነው፤ ሁሉም ያስቆመዋል።

እንግዲህ መዘግየቱ የሚነግረን ይህን ነው፦ በመንገዱ ላይ ምን ያህል ነገር እንደነበረና በምን ሁኔታ እንደነበረ።

(ሙዚቃ፤ 4 ሰከንድ)

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ መታጠፉ እንለፍ። እኔ በበኩሌ ከዚህ ነገር ሁሉ ልቤን የሚወስደው ይኸኛው ነው።

ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ አውድማ አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እህሉ ተወቅቷል፤ በሬዎቹ ሄደዋል። ገበሬው ነፋሱን ጠብቆ ምርቱን በላይዳ ወደ ላይ ይበትናል። ፍሬው ቀጥ ብሎ እግሩ ሥር ይወርዳል። ገለባው ወደ ጎን ይንሳፈፋል። እብቁ ደግሞ ከዚያም ርቆ ይሄዳል። ነፋሱን አላያችሁትም። ነገር ግን ከወዴት ወዴት እንደሚነፍስ፣ በርትቶ እንደሆነ ወይም እንደደከመ ከገለባው አካሄድ ታውቃላችሁ።

መግነጢሳዊ መስክም እንደ ነፋሱ አይታይም። የምንወረውራቸው ፕሮቶኖች ግን ገለባውና ፍሬው ናቸው። ኃይለኛው ፕሮቶን እንደ ፍሬው ትንሽ ብቻ ይታጠፋል፤ ደካማው እንደ ገለባው ብዙ ይታጠፋል። ሁለቱም በአንድ ላይ ከተወረወሩ፣ የነፋሱን ጉልበት ከሁለት በኩል ለካን ማለት ነው።

በአሜሪካ፣ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ፣ ኦሜጋ የሚባል ባለ 60 ጨረር ሌዘር አለ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች፣ በሪቻርድ ፔትራሶና በቺካንግ ሊ መሪነት፣ እዚያ የሠሩትን ልንገራችሁ። ለፕሮቶን ምንጭነት የተጠቀሙት ግዙፍ ማፋጠኛ አይደለም። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰች የመስታወት አረፋ ናት። በውስጧ ሁለት ዓይነት ጋዝ አለ፦ ዲዩተሪየም የሚባለው ከባዱ ሃይድሮጅንና ሂሊየም 3 የሚባለው ቀላሉ ሂሊየም። ከሌዘሮቹ የተወሰኑት ሲመቷት ትጨመቃለች፤ አስኳሎቹ ይዋሃዳሉ፤ ሁለት ዓይነት ፕሮቶኖችም ይወጣሉ። አንዱ 3 ሚሊዮን፣ ሌላው 15 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት አለው። ያውላችሁ፣ ገለባና ፍሬ ከአንድ አውድማ።

ኃይለኛዎቹ በሰከንድ ከ50,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። የሚወጡበት ነጥብ ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ነጥቡ ማነሱ ለምን ጠቀመ? ኩራዝ አስታውሱ። ትንሽ ነበልባል ፊት እጃችሁን ብትይዙ ግድግዳው ላይ ትልቅና ጥርት ያለ ጥላ ይወጣል። ነበልባሉ ሰፊ ከሆነ ጥላው ይደበዝዛል። እዚህም እንዲሁ ነው። ምንጯ ለፕላዝማው ቅርብ፣ መያዣው ራቅ ያለ ነው፤ የነጥብ ያህሉ ነገር ጥላው ሰፍቶ ይታያል።

ጊዜውስ? የፕሮቶኖቹ ፍንጥቅታ የሚቆየው ከናኖ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ናኖ ሰከንድ ማለት ብርሃን የአንድ ተማሪ ማስመሪያ፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር፣ የሚጓዝበት ጊዜ ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ብርሃን እንኳ ከማስመሪያው ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው። ፎቶው የማይደበዝዘው ለዚህ ነው።

“ስንጥሩ ራሱ ዳቦውን አያበላሽም ወይ?” የሚል ሰው ይኖራል። አያበላሽም። ፕሮቶኖቹ በሙሉ ተደምረው የሚሸከሙት ጉልበት ሌዘሮቹ ከሚያፈስሱት አጠገብ ኢምንት ነው። ፕላዝማው ማለፋቸውን አይሰማውም።

(ድምፅ፦ ውሃ ሲንፎለፎል፤ 5 ሰከንድ)

ይህ የሚንፎለፎለው ምንድን ነው? እንዴት እንደሚይዟቸው ስነግራችሁ ይገባችኋል። ፎቶው የሚነሣው በካሜራ አይመስላችሁ። በፕላስቲክ ነው። ሲ አር 39 የሚባል፣ የመነጽር ሌንስ የሚሠራበት ያው ጥርት ያለ ፕላስቲክ። ከሙከራው በኋላ ሲያወጡት ምንም የለበትም። ብርሃን ላይ ብታነሡት ንጹሕ መስታወት ነው የሚመስለው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮቶን የገባበት ቦታ በዓይን የማይታይ ቁስል አለ።

ፕላስቲኩን ወስደው 80 ዲግሪ በሚሞቅ የኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ለሰዓታት ይነክሩታል። ሳሙና የምትሠሩ እናቶችና እህቶች ኮስቲክ ሶዳን ታውቁታላችሁ፤ እጅን እንዴት እንደሚልጥ ታውቃላችሁ። ሶዳው የቆሰለውን ቦታ ከደህናው ይልቅ ፈጥኖ ይበላዋል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ያ ባዶ የነበረው ፕላስቲክ በጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች ተሞልቶ ይገኛል። አንዲት ጉድጓድ፣ አንድ ፕሮቶን። ጉድጓዷ ሰፋ ካለች ዘግይቶ የደረሰ ነው፤ ጠበብ ካለች ፈጥኖ የደረሰ ነው። ማሽኑ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። በቅጽበት የጠፋውን ነገር ሰው በሳምንቱ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። መዘግየቱም መታጠፉም በአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ተጽፎ አለ።

ምን አዩ ታዲያ? እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ሥራቸው፣ እዚያው እየተጨመቀች ባለች ሌላ ፍሬ ዙሪያ እንደ ክር ወደ ውጭ የተዘረጉ መስመሮችን አሳዩ። የመግነጢስ ክሮች ነበሩ፤ ጉልበታቸው 60 ቴስላ ያህል። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራበት የተለመደው ኤም አር አይ ማሽን 1.5 ቴስላ ነው፤ ስለዚህ የዚያ 40 እጥፍ መሆኑ ነው። ከፍሬዋ አጠገብ ደግሞ ወደ መሀል የሚጠቁም የኤሌክትሪክ መስክ ነበረ፤ በአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮን ቮልት የሚያክል። የቤታችን ሶኬት 220 ቮልት ነው። ይህን ሁሉ ራጅ ሳያይ ያልፍ ነበር።

(ሙዚቃ፤ 4 ሰከንድ)

አሁን ጠንቃቃ አድማጭ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ ሊጠይቀኝም ይገባል። ፕሮቶኑ ወደ ግራ ከታጠፈ ያጠፈው መግነጢስ ይሁን ኤሌክትሪክ በምን ይታወቃል? ሁለቱም ያጥፋሉና።

ይህ እውነተኛ ችግር ነው። የጥላ ችግር ነው፤ በእጃችን ግድግዳ ላይ ጥንቸልም ወፍም መሥራት እንችላለን። ተመራማሪዎቹ ያገኙት መፍትሔ ግን ውበት አለው። በኤሌክትሪክ የሚገፋ ፕሮቶን ከፊትም መጣ ከኋላ፣ የሚገፋው ወደ አንድ ጎን ነው። በመግነጢስ የሚታጠፍ ግን አመጣጡ ሲገለበጥ መታጠፉም ይገለበጣል። ስለዚህ ፔትራሶና ባልደረቦቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ በአንድ ስስ ገበታ ፊትና ጀርባ ላይ ሁለት የፕላዝማ አረፋዎችን በሌዘር ፈጠሩ፤ ፕሮቶኖቹን በሁለቱም ውስጥ አሳለፉ። በአንደኛው ጥላው ሰፋ፤ በሌላው ጠበበ። ኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አንድ ዓይነት በሆኑ ነበር። መግነጢስ መሆኑ ተረጋገጠ።

ፕሮቶኖቹን እንደ ወንፊት ባለ የብረት መረብ ማሳለፍም ሌላው ብልሃት ነው። መረቡ ፕሮቶኖቹን በእኩል ካሬዎች ይከፋፍላቸዋል። ፕላስቲኩ ላይ ካሬዎቹ ቀጥ ብለው ከታዩ በመንገዱ ምንም አልነበረም። ከተጣመሙ፣ ጥመቱን በማስመሪያ መለካት ብቻ ነው የሚቀረው።

ሌላ ዓይነት የፕሮቶን ምንጭም አለ። በሊቨርሞር እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ የሆነው ግኝት፣ በጣም አጭርና ኃይለኛ ሌዘር ስስ የብረት ገበታ ሲመታ ከጀርባው የፕሮቶን ጎርፍ እንደሚወጣ አሳየ። ከዚህ ምንጭ የሚወጡት ፕሮቶኖች ፍጥነታቸው ብዙ ዓይነት ነው፤ ፈጣኑ ቀድሞ፣ ዘገምተኛው ቆይቶ ፕላዝማውን ያቋርጣል። እነሱን የሚይዘው ለጨረር ሕክምና መለኪያ የሚያገለግል፣ ሲመታ ቀለሙን የሚቀይር ፊልም ነው፤ ብዙ ቅጠል ፊልም እንደ መጽሐፍ ተደራርቦ። ፕሮቶን ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ እየደከመ በሄደ ቁጥር የሚያጣው ጉልበት ይብሳል፤ ሊቆም ሲል ያለውን ሁሉ ያራግፋል። ሐኪሞች በፕሮቶን ዕጢ የሚያቃጥሉት በዚህ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ደካማው ከፊተኛው ቅጠል ላይ ይቆማል፤ ኃይለኛው እስከ ኋለኛው ይዘልቃል። ከኋላ ወደ ፊት ቅጠሉን ስትገልጡ ፕላዝማው ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ሲለወጥ ታያላችሁ። በአንድ ምት ሙሉ ፊልም! በሰሜን አየርላንድ፣ በቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ፣ የማርኮ ቦርጌሲ ቡድን በዚህ ዘዴ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

(ሙዚቃ፤ 3 ሰከንድ)

ስንጥሩ የማይዘልቀው ቦታም አለ። የሊቨርሞሯ ፍሬ ጨርሳ በታመቀችበት ቅጽበት 15 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን ሰርጉ ውስጥ ይቀራል፤ ሰላምታው ይበዛበትና በወዲያኛው በር አይወጣም። ለዚህ ነው እዚያ ራጅና ኒውትሮን ዋናውን ሥራ የሚሠሩት። ለወፈረ ነገር የበረታ ፕሮቶን ያስፈልጋል። በኒው ሜክሲኮ፣ በሎስ አላሞስ፣ 800 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸው ፕሮቶኖች ፍንዳታን ሰንጥቀው እያለፉ፣ በማግኔት በተሠራ ሌንስ እየተሰበሰቡ ተከታታይ ምስል ይሰጣሉ። በዳርምሽታትም ፌር የሚባል ሌላ ግዙፍ ማፋጠኛ እየተገነባ ነው፤ ከታቀዱለት ሥራዎች አንዱ እንዲህ ያለው የፕሮቶን ምስል ነው።

አድማጮቻችን፣ ጊዜያችን እየተገባደደ ነው። ሳንለያይ ግን ለሳምንቱ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ሌዘር አያስፈልገውም፤ የተለመደው ሬዲዮ ይበቃል።

በመካከለኛው ሞገድ፣ ኤ ኤም በሚለው በኩል፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ ቁልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ስንት ጣቢያ ሰማችሁ? ቁጠሩና ጻፉት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ያንኑ ድገሙት። ቀን ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው የታችኛው የፕላዝማ ንብርብር ሞገዱን ውጦ ያስቀረዋል። ከመሸ በኋላ ያ ንብርብር ይጠፋል፤ ሞገዱ ከላይኛው ላይ ነጥሮ ከሩቅ ይመጣል። ማታ የማታውቁት ቋንቋ፣ ቀን ያልነበረ ዘፈን ከያዛችሁ፣ ከራሳችሁ በላይ መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ያለውን ፕላዝማ በገዛ ጆሯችሁ ወግታችሁ አነበባችሁት ማለት ነው።

የቀኑንና የማታውን ቁጥር፣ ከሰማችሁበት ቦታ ስም ጋር ጽፋችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ሳምንት የቆላውን ከደጋው፣ የባሕር ማዶውን ከአገር ቤቱ እያስተያየን እናነበዋለን። ደህና ሰንብቱልኝ።

(ድምፅ፦ የሬዲዮ ቁልፍ ሲዞር የሚሰማው ፉጨት፤ ከሩቅ የደበዘዘ ዘፈን ይገባል፤ 8 ሰከንድ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)